የሁለተኛው በረት ጩኸት

አሳማ በጅማ ወዳጅ የለውም። እስላሙም ክርስቲያኑም አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። የግብርና ኮሌጁን አሳማ ቤት በር እንዲጠብቁ ከዘበኛ ሁሉ ተመርጠው የተመደቡት ደግሞ የጊንጆ ሰፈሩ ጋሽ ሸኩር ነበሩ፤ አምስት ወቅት ሰላት የማያጓድሉ ሰው። "የምጠብቀው በሩን እንጂ አሳማውን አይደለም" ብለው ተቀበሉ። ሚስታቸው ሐጂራ ግን ጫማቸውን ደጅ ላይ ሳያወልቁ ወደ ቤት አታስገባቸውም።

አቢጊያ የምትባል የማስተርስ ተማሪ ጥናቷን የጀመረችው ረመዳን በገባበት ሳምንት ነው። አሳማዎቹን በሦስት በረት ከፈለቻቸው። የመጀመሪያዎቹን በየሦስት ቀኑ የሞተ ጀርም ያለበት መርፌ ትወጋቸዋለች፤ በሽታ አይዛቸውም፣ ሰውነታቸው ግን በሽታ የገባበት መስሎት ይግላል፣ ይቆጣል፣ ምግብም ይዘጋቸዋል። ሁለተኛዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የሚሰፈርላቸው ግን ትኩሳተኞቹ የበሉትን ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛዎቹ እስኪጠግቡ ይበላሉ።

"ጤነኞቹን ምን በድለውሽ ነው የምታስርቢያቸው?" አሏት ጋሽ ሸኩር።

"ትኩሳተኛው የሚከሳው ስላልበላ ነው ወይስ የበላውንም ትኩሳቱ ስለሚወስድበት? ይህን ለመለየት ነው ጋሼ። ሰውነት ሲዋጋ ለማደጊያው የሚሆነውን ለውጊያው ያውለዋል፤ ካልበቃውም ከገዛ ጡንቻው ይቆርሳል። ሁለቱ እኩል በልተው ትኩሳተኛው ከባሰበት፣ ጥፋቱ የትኩሳቱ ነው ማለት ነው።"

ይህች ነገር ጋሽ ሸኩር ልብ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሰርቦ ከተማ ያገባች ማሂራ የምትባል ልጅ አለቻቸው። የማሂራ ልጅ ሳቢሃ ሦስት ዓመት ሞልቷት የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ታክላለች፤ ትኩሳት በወር ሁለቴ ሳይጎበኛት አይቀርም። የማሂራ አማት ደግሞ ምላሷ አያርፍም፤ "እናቷ አታበላትም" እያለች ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳለች።

ችግሩ የሚመጣው በመግሪብ ሰዓት ነው። ጋሽ ሸኩር ቴምራቸውን ሊቀምሱ ሲሉ ሁለተኛው በረት ይጮሃል። የተራበ አሳማ ሲጮህ ልጅ የሚታረድ ይመስላል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አራት ቀን ቻሉ። በአምስተኛው ግን፣ ራሳቸው ጾመው የዋሉ ሰው፣ የተራበ እየጮኸባቸው ሳምቡሳው አልወርድ አላቸው። "ሐራም ሥጋው እንጂ ረሃቡ አይደለም" አሉና ከሰፈር ጁስ ቤት የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ በማዳበሪያ አምጥተው፣ እጃቸው ሳይነካቸው በግንቡ ላይ ወረወሩላቸው። ጩኸቱ ቆመ። ሳምቡሳውም ወረደ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላቋረጡም።

በረመዳን ሃያ አምስተኛው ቀን አሳማዎቹ ተመዘኑ። አቢጊያ እየሮጠች በሩ ድረስ መጣች።

"ጋሼ! ሁለተኛው በረት ከጠገቡት ብዙም አላነሰም! ትኩሳተኞቹ ግን ያንኑ በልተው ባዶ ናቸው። ሁሉንም የወሰደው ትኩሳቱ ነው!"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ጋሽ ሸኩር ልጣጩ ትዝ ሳይላቸው ቀርቶ አይደለም፤ ቀድማ የታየቻቸው ግን ማሂራ ነበረች። ስልክ አንስተው ደወሉላት። "ልጄ፣ በጥናት ተረጋገጠ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የትኩሳቱ ነው።" ማሂራ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለአማቷ አሰማቻት። አማቲቱም አለቀሰች፤ "አውፍ በይኝ" ስትል ጋሽ ሸኩር በጆሯቸው ሰሙ።

የዚያን ዕለት አዛን ሲል ቴምሩን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ውሸት በሆድ ይዞ የሚጾም ጾም ምን ጾም ነው? በራሳቸው አፈሩ። በነጋታው ጠዋት አቢጊያን መኖ ቤት አገኟት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አውፍ በይኝ። ሁለተኛውን በረት ሳበላ ነበር።"

አቢጊያ መኖ የያዘው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። "ስንት ቀን?"

"ሃያ ቀን።"

"ምን ያህል?"

"ዋላሂ አልመዘንኩትም። በቀን ግማሽ ማዳበሪያ ይሆናል።"

አቢጊያ ደብተሯን ዘግታ ወለሉን ታይ ጀመር።

"ታዲያ የትኩሳቱ ነገር ውሸት ነው?" አሉ።

"ውሸት አይደለም ጋሼ። ምን ያህሉ የትኩሳቱ፣ ምን ያህሉ ካለመብላት እንደሆነ ግን አሁን አላውቅም። እንደገና መጀመር አለብኝ።"

ከኢድ በኋላ አዳዲስ ግልገል አሳማዎች ገቡ። አቢጊያ ጋሽ ሸኩርን ወደ ዋናው በር ላስቀይርዎት ብላቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ያበላሹትን ጥናት ራሳቸው ጠብቀው ሲያልቅ ማየት ፈለጉ። አንድ ቀን ጁስ ቤቱ በር ላይ የተከመረውን ልጣጭ እያዩ አልፈው መጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልካቸው ጠራ፤ ማሂራ ናት።

"አባ፣ አማቴ ያ ጥናት ወረቀት ካለው ይላኩልኝ ትላለች። ለጎረቤት ልታሳይ ነው።"

"ማሂራ ልጄ…ቸኩዬ ነው። ገና አልተረጋገጠም።"

ማሂራ ቀስ ብላ፣ "አማቴ እየሰማችዎት ነው እኮ" አለች።

ያኔ ሁለተኛው በረት ጩኸቱን ለቀቀው።

"ምንድነው የሚጮኸው አባ? ሕፃን ነው?"

"አሳማ ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ርቦት።"

"ታዲያ ምን ቁጭ ብለው ይሰሙታል?" አለች ማሂራ በቁጣ። "ያብሉት እንጂ አባ!"

ጋሽ ሸኩር ነጠላ ጫማቸውን አዩ፣ ግንቡን አዩ። ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጩኸቱ አልቆመም።