የጠዋቷ ልጅና የማታዋ ልጅ

«ትሮጣለች ነው የምልህ!» አለች እናት።

«ትድሃለች ነው የምልሽ!» አለ አባት።

«እናቴ ትሙት፣ ደረጃውን በሩጫ ነው የምትወርደው!»

«አማቴን ለምን ትገድይብኛለሽ? ደህና ሴትዮ ናቸው። ልጅቷ ግን ትድሃለች።»

የሚጣሉባት ልጅ መመርመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች። ሰባት ዓመቷ ነው። በእግር ጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ስለምትራመድ ቤትም ሰፈርም «ፌንጣ» ይሏታል፤ እሷም ስሟን ስትጠየቅ የምትመልሰው ይህንኑ ነው። በወላጆቿ ጠብ የተጨነቀች አትመስልም። አንዱ ሲናገር ወደ እሱ፣ ሌላዋ ስትመልስ ወደ እሷ እየዞረች፣ ኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው ትከታተላለች።

እኔ የምሠራው እምብዛም የማይገኙ የዘር በሽታዎች በሚጠኑበት ክፍል ውስጥ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ሌላው ሐኪም ሁሉ አይቶት ግራ የተጋባበት ሰው ነው። የፌንጣም ነገር እንዲያ ነበር። መጀመሪያ ያዩዋት ሐኪሞች «ስትወለድ አንጎሏ ተጎድቷል» አሉ፤ አንጎሏ ፎቶ ሲነሳ ግን እንከን አልተገኘበትም። ደሟን ወስደን ዘረመሏን አነበብን። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ አገኘን። ያችው ለውጥ አባቷም ላይ አለች። አባትየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የሚውል፣ እንደ በሬ የጠነከረ ሰው ነው። ስለዚህ ለውጡን «ትርጉማቸው አይታወቅም» ከሚባሉት ጋር አስቀመጥነው።

የዚያን ዕለት የመጡት ለፊርማ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ የተረከዟን ጅማት ቆርጦ ሊያስረዝመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ሐሙስ ቀጠሮ ይዞላታል። ጅማቱ በእውነት አጥሮ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ተረከዟን መሬት ያስነካላታል። ካላጠረ ግን ደህናውን ጅማት ማላላት ይሆናል፤ የላላ ጅማት ደግሞ እንደ ቀበቶ ተመልሶ አይጠብቅም። ዕድሜ ልኳን እግሯን እየጎተተች ልትሄድ ነው። አባት «ይቆረጥ» ይላል። እናት «ደህናዋን ልጄን ቢላ አይነካብኝም» ትላለች።

ቀደም ብለን የቀረጽናቸው ቪዲዮዎች ለእናትየው ይመሰክራሉ፤ ልጅቷ በጣቷ ጫፍ ትረግጣለች እንጂ አትወድቅም። አባትየው ግን የሚዋሽ ሰው ፊት የለውም። ሁለት ጥሩ ምስክሮች ሲለያዩ፣ አንዱን ውሸታም ከማለቴ በፊት የት ቆመው እንዳዩ መጠየቅ ልማዴ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ስትሮጥ ያየሻት መቼ ነው?» አልኳት እናትን። ከእሷ ጋር ስለተላመድን «አንቺ» ነው የምንባባለው።

«ዛሬ ጠዋት።»

«እርስዎስ ስትድህ ያዩት?»

«ትናንት ማታ፣ ዶክተር። ከሥራ ስገባ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከትናንት ወዲያ ማታ።»

እናት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በማታው ፈረቃ ትሰፋለች። አባት ጎህ ሳይቀድ ይወጣና አመሻሹ ላይ ይመለሳል። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ የቤቱን ቁልፍ የሚቀባበሉት ደረጃ ላይ ነው።

«እሁድስ አብራችሁ አይደላችሁም?»

«እሁድማ ከምሳ በኋላ ቤቱ በሙሉ ይተኛል» አለች እናት። «የእኔ ሕግ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የት አለና?»

«ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንዴት ናት?»

«ትንሽ ታነክሳለች። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የማያነክስ ማን አለ?»

«እኔንም ጠይቁኝ እንጂ!» አለች ፌንጣ።

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ከገቡ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ጠዋት እግሬ ይታዘዘኛል። ማታ ያኮርፋል።»

«ስትተኚስ?»

«ይታረቀኛል።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። የእኛን የመራመጃ ኮሪደር አሰብኩት። ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት፣ ጫፉ ላይ ካሜራ የቆመበት ኮሪደር የእኛ የሚሆነው እስከ ቀትር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ሰዎች የመለማመጃ ብረቶቻቸውን እያንኳኩ ይረከቡታል። ታማሚዎቻችንን ሁሉ ስንቀርጽ የኖርነው በጠዋት ነው ማለት ነው።

«ወደዚህ ስትመጡስ እንዴት ነው የምታመጫት?»

«እንዴትማ!» አለች እናት ኮራ ብላ። «በጊዜ አስተኛታለሁ። ጠዋት አጥባለሁ፣ አበጥራለሁ። ከቤት እስከዚህ ድረስ መሬት አትነካም፤ አዝዬ ነው የማመጣት። ሐኪም ፊት ደክሟት ትቅረብ?»

«እንግዲህ በሚቀጥለው ደክሟት አምጫት።»

«ምን?»

«ሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እስከዚያ ትሩጥ፣ ገመድ ትዝለል፣ አቧራ ላይ ትንከባለል። እንዳትተኛ ብቻ።»

«ልጄን አጎሳቁዬ ላምጣልሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ እስማማለሁ» አለች ፌንጣ።

የፊዚዮቴራፒውን ኃላፊ ለምኜ ኮሪደሩን ለሰኞ አመሻሽ ተዋስኩ። እናት ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ቀይራ መጣች። ፌንጣን ያመጣት አባቷ ነው፣ ትከሻው ላይ አድርጎ። ጉልበቷ አቧራ ለብሷል፣ ጸጉሯ ተበትኗል፣ ፊቷ ላይ የቀለጠ ከረሜላ አለ። እናቷ ከኪሷ መሐረብ ልታወጣ ስትል እጇን ያዝኳት።

«በያ ተራመጂ» አልኳት ልጅቷን።

አባቷ አወረዳት። ግድግዳውን ያዘች። የቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ተጠመዘዘ፣ ጣቶቿ ወደ ታች ተቆለመሙ፣ ተረከዟ ጭራሽ መሬት አልነካም። ጥቂት ተራምዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ልክ ወንበር እንዳገኘ ሰው ተመቻችታ «አኮረፈ፣ አላልኳችሁም?» አለችን።

እናት አጠገቧ ተንበርክካ የተጠመዘዘውን እግር በእጇ ያዘች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለችው ባሏን።

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አትነግረኝም ነበር?»

«ስነግርሽ ምን ነበር የምትይኝ?»

«...አንተ ስለምታሞላቅቃት ነው።»

«እንግዲህ እሱን ብለሽኛል።»

ሳቀች፤ እያለቀሰችም ነበር። እሱ የራሱን መሐረብ ሰጣት።

ፌንጣን መመርመሪያው አልጋ ላይ አስተኛናት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች በሹክሹክታ እየተነጋገርን እንቅልፏን ጠበቅን። ነቅታ ውኃ ጠማኝ አለች፤ ከአልጋው ዘላ ወረደችና ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ቧንቧ እንደ ልማዷ በጣቷ ጫፍ፣ ማንንም ሳትይዝ ሄደች። ካሜራው የቅድሙንም የአሁኑንም አረማመድ ይዞታል።

«ይህን በሽታ በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ በአካል ሳገኘው የመጀመሪያዬ ነው» አልኳቸው። «አንጎል እግርን የሚያዝበት ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ። እንደ በርሜል ውኃ አስቡት። ሌሊት ይሞላል፣ ቀን ይቀዳል። የእሷ ቀኑ ሳይመሽ ያልቃል።»

«በርሜሉ ቀዳዳ ነው?» አለ አባት።

«ቀዳዳ አይደለም። የሚሞላው ቧንቧ ነው የቀጠነው። ያቺ የተለወጠችው ፊደል ያለችውም ቧንቧው የሚሠራበት መመሪያ ላይ ነው። ውኃውን በክኒን መጨመር ይቻላል።»

እናት ቀና አለች። «ቆይ። ያቺ ፊደል ከማን ናት ያልሽው?»

«ከአባቷ።»

«ከእሱ!»

«ጥፋት አይደለም። ፊደሏን ይዘው ምንም የማይሰማቸው ብዙ ናቸው። ሴቶች ላይ ጎልታ ትወጣለች...»

አልሰማችኝም። «ሰባት ዓመት ሙሉ የአንካሳ አክስቴን እግር ሲያማ! ‹በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም› እያለ! ዶክተር፣ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»

«ይበቃል፣ አንቺ ሴትዮ» አለ አባት አንገቱን እያሻሸ። «አክስትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ቤቷ ድረስ ሄደህ!»

በማግስቱ ወደ አጥንት ሐኪሙ ሄድኩ። አንጋፋ ነው፤ ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጋሽ መጋዝ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ ደስ ይለዋል። ሁለቱን ቪዲዮዎች አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አያቸው።

«እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው» አለ።

«አንድ ናት። መካከሉ ላይ ያለው እንቅልፍ ነው።»

«ጥሩ። ግን ስሚኝ ልጄ፣ የተጠመዘዘ እግር ዓመታት ከቆየ ጅማቱ የእውነት ሊያጥር ይችላል። ያኔ ክኒንሽ ምንም አያደርገውም፣ እኔም በዘገየሁ ቁጥር ይብስባታል።»

እውነቱን ነበር።

«የቀጣዩን ሳምንት ሐሙስ አልነካውም» አለ። «ክኒኑን ጀምሪላት። ረቡዕ አመሻሽ ላይ እኔው ራሴ አያታለሁ። ተረከዟ መሬት ከያዘ ቢላዬን እሰበስባለሁ። ካልያዘ እቆርጣለሁ፤ አንቺም አትጨቀጭቂኝም።»

«ተስማማን።»

በሩብ ክኒን ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ያተረፍነው ማቅለሽለሽ ብቻ ነው። እናት ደውላ «ልጄ ቁርሷን መለሰችው» አለችኝ፤ ከምግብ በኋላ ይሁን አልኩ። አባት ደውሎ «ማታ ያው ናት» አለኝ፤ ወደ ግማሽ ከፍ አደረግነው። ቅዳሜ «ያው ናት።» እሁድ «ግድግዳውን አልያዘችም መሰለኝ፤ ግን እሁድ ነው፣ ተኝታ ነበር።» በማስረጃ አያያዙ ኮራሁበት። ሰኞ አልደወለም። እኔም ረቡዕን እያሰብኩ ሁለቱን ቪዲዮዎች መልሼ አየሁ።

ማክሰኞ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቢሮዬን ልዘጋ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ስልኩ ጮኸ።

«ዶክተር! ልጅቷ የለችም!»

«የት የለችም?»

«ቤት! ፍራሹ ላይ አስቀምጬያት ፊቴን ልታጠብ ገባሁ፣ ስወጣ የለችም! አልጋ ሥር አየሁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አየሁ...»

«በሩስ?»

«ክፍት ነው።»

«አልዘጉትም ነበር?»

«ለምን እዘጋዋለሁ? በዚህ ሰዓት በእግሯ የምትወጣ ልጅ መቼ...»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

ስልኩን ሳይዘጋው ሮጠ። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴውን እሰማለሁ፤ አንድ ፎቅ፣ ሌላ ፎቅ። «ፌንጣ!» ይላል። «አንቺ ፌንጣ!» ከዚያ የልጆች ጫጫታ ቀረበ፣ መሬት የሚመታ ገመድ ድምፅ መጣ። ከዚያም የእሱ ጩኸት፦

«ነይ ወዲህ! ማን ውጪ አለሽ?»

«አባዬ፣ ቆይ! ተራዬ ደርሷል!»

«ቁሚ እዚያው! አትሩጪ! ኧረ... ሩጪ! ሩጪ እስቲ ወደ እኔ! አይ፣ ቁሚ፣ ትወድቂያለሽ!»

አልወደቀችም። ስልኩ ውስጥ የሰማሁት አንድ ትልቅ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሲስቅና አንዲት ልጅ «ልቀቀኝ፣ ተራዬን ወሰዱብኝ!» እያለች ስትነጫነጭ ነው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጋሽ መጋዝ ኮሪደራችን ውስጥ ተንበረከከ። ለዕድሜው ቀላል አልነበረም፣ ጉልበቱ ተንቋቋ። ፌንጣ ቀኑን ሙሉ ስትጫወት ውላለች፤ አልተኛችም፤ እናቷ ሌላ ፈረቃ ቀይራ ስትጠብቃት ነበርና በዓይኗ አይታለች። ሐኪሙ ከደረት ኪሱ ነጭ ወረቀት አወጣና ከተረከዟ ሥር አደረገው።

«ዝም ብለሽ ቁሚ፤ እኔ ወረቀቱን ለመሳብ እሞክራለሁ። ወረቀቱ ወጥቶ ከመጣ እኔ አሸነፍኩ።»

«ካልወጣስ?»

«አንቺ።»

አባት ለማየት ጎንበስ አለ። እናት ክንዱን ያዘች። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳብ አደረገ። አልመጣም። ጠንከር አድርጎ ሳበ። ወረቀቱ ጠርር ብሎ ተቀደደ፤ እኩሌታው እጁ ላይ፣ እኩሌታው ከፌንጣ ተረከዝ ሥር ቀረ።

«ሌላኛው እግርሽስ?»

የዚያኛውም ተቀደደ።

ጋሽ መጋዝ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳና ስልኩን አወጣ። «የነገውን የመጀመሪያ የቀዶ ጥገና አልጋ ለሌላ ልጅ ስጡት» አለ። «አዎ፣ የእኔን። አይ፣ አልታመመችም። ጅማቷ ከእኔ ይሻላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ» አለኝ፣ «ያቺን ፊደል ‹አይታወቅም› ከሚባሉት ውስጥ አውጪያት። ሌላ አገር እንደ እሷ ያለች ልጅ ይዞ ግራ የገባው ሐኪም ይኖራል።»

የዚያኑ ዕለት ጽፌ፣ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ወደሚያዩት የዘር ለውጦች መዝገብ ላክሁት።

ከዚያ በፊት ግን ለጥናቱ የማታ አረማመዷን መቅረጽ ነበረብኝ። «ከዚህ ምልክት እስከዚያኛው፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ» አልኳት። ካሜራውን አስነሳሁ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ባዶ ኮሪደር ነው፤ አንዲት ቀይ ጫማ በጥግ በኩል ብልጭ ብላ ትጠፋለች፣ ከሩቅ የሳቅ ድምፅ ይሰማል፣ የእናቷ ድምፅ «ያዛት!» ይላል። ለመለኪያ አይሆንም። እንደገና ልቀርጻት፣ አባቷ እስኪደርስባት ድረስ ቆሜ ጠበቅኋት።