ሱሪ ተኝቶ አይለካም

ልብስ ሰፊው ከግራ ጉልበቱ ጀርባ አንዲት ዓይን አውጣ እብጠት አለችበት፤ ጧት ትጠፋለች፣ ቀን ቆሞ ሲሠራ ብቅ ትላለች። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠ እግር ቢያኮርፍ አይፈረድበትም ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏት ኖሯል። ሰሞኑን ግን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ታየና «ጉልበትህ ውሃ ቋጥሮ ነው» ተባለ። ከዚያ በኋላ ተስፋውን የሰፈሩ ወጌሻ ላይ ጣለ። ቅዳሜ መጥቶ እብጠቷን አሽቶ ሊያጠፋለት ተስማምተዋል።

ይህን የሰማች ልጁ አርብ ጧት እጁን ይዛ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ወሰደችው። የአልትራሳውንድ ባለሙያ ናት። እሱ ግን ሙያዋን ከልቡ አልተቀበለውም። መቀሴን ትወርሳለች ሲል ጨለማ ክፍል ገብታ ጥላ ስታይ የምትውል ልጅ ሆነችበት፤ ይህንንም ሊለካ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሲያማርር ኖሯል።

በደረቱ አስተኝታ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀባችውና መሣሪያዋን ከጉልበቱ ኋላ አሳለፈች። ምንም የለም። ደገመችው።

«ወጌሻው ይሻላል አላልኩሽም?» አለ፣ ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንደተቀበረ።

ልጅቷ መሣሪያዋን ከእግሩ አነሳች። «አባዬ፣ ተነስና ቁም።»

«ደግሞ ለምን?»

«ሱሪ ተኝቶ አይለካም ትል የለ?»

ይላል። ተቀምጬ ልለካ ለሚል ሰነፍ ደንበኛ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። እያጉረመረመ አልጋው ሥር ያለችው መወጣጫ ላይ ቆመ። ልጁ ከኋላው ተንበረከከች፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ኋላ እንደተንበረከከው።

«አባዬ፣ እንዳትንቀሳቀስ።» ድምፅዋ ተለውጧል። ስክሪኑን አዞረችለት። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ተነፍቷል፤ ሲቆም ይሞላል፣ ሲተኛ ይሟሽሻል። የሥሩ ግድግዳ ላይ አንድ ፈዛዛ ነገር ተለጥፏል።

«የረጋ ደም ነው። ትንፋሽ የሚያጥርህ ከእሱ ተቆርሶ ሳንባህ ስለገባ ሳይሆን አይቀርም። ነገ ቢታሽ ኖሮ የቀረውም ተነቅሎ ይከተለው ነበር። ከዚያ...»

አልጨረሰችውም። እሱም ሱሪውን ሳይለብስ ስልኩን አውጥቶ ለወጌሻው ደወለና ቀጠሮውን ሰረዘ።

በዚያው ቀን አስተኝተው ደም ማቅጠኛ ጀመሩለት። ቀዶ ሐኪሟ መጥታ፣ የተነፋውን ቆርጠው ሥሩን በልኩ እንደሚሰፉት አስረዳችው።

«ማጥበብ ነዋ!» አለ ፊቱ በርቶ። «ክሩን ግን አደራ፣ ቀጭን ይሁን።»

«ከፀጉር ይቀጥናል፣ አባባ።»

ስፌቱ ያዘ። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሟ ቁስሉን አይታ ተደሰተች፤ ደም ማቅጠኛውን ለወራት ሳያቋርጥ እንዲወስድ አስጠነቀቀችው። ልብስ ሰፊው መስታወት አስመጥቶ ስፌቱን በባለሙያ ዓይን መረመረና «አያሳፍርም» አለ።

ሐኪሟ ሳቀች። «ለመሆኑ ቆመው ይታዩ ያለው ማነው? ተኝተው ብቻ ቢታዩ ኖሮ ያመልጠን ነበር።»

ልጁ በሩ ጋ ቆማለች። ልብስ ሰፊው እሷን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀውም።

«ልጄ ናት» አለ። «ሙያውን ከእኔ ነው የወረሰችው።»