የሰሜን ግድግዳው መልአክ

ጊሌን "እሁድ እወጣለሁ" ካለች ትወጣለች። ፊርማን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ባል አይደል፣ መሞከሩ አልቀረም።

"በዚህ ጉልበትሽ?"

"ጉልበቴን ምን አደረገህ?"

"ባለፈው ሳምንት ከአልጋ ለመነሣት ማንን ነበር የጠራሽው?"

"ከአልጋ ስነሣ የሚጠብቀኝ አንተ ነህ። እዚያ ላይ የሚጠብቀኝ ልጄ ነው" አለችና የባሮ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣ። ፊርማን ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቴድራላችን እየፈረሰ ነው። ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም፤ አያቶቻችንም እየፈረሰ ነው ያወቁት። ከንቲባ የሚሆን ሁሉ ከመመረጡ በፊት ያድነዋል፣ ከተመረጠ በኋላ መረብ ይገዛለታል፤ ከላይ የሚወድቀውን ድንጋይ የሚይዝ መረብ። በዚህ ዓመት ግን ብርዱ ሲወጣ የሰሜኑ ግድግዳ መረቡንም ይዞ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በተርታ የቆሙት የድንጋይ መላእክት እየተነቀሉ መጋዘን እንዲገቡ ተወሰነ። መጋዘን የገባ ነገር በኛ ከተማ ተመልሶ ሲወጣ ያየ ሰው የለም። ሕዝቡ ቅር እንዳይለው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የፈለገ ሰው ለሥራው በቆመው የብረት ርብራብ ደረጃ ወጥቶ እንዲሰናበታቸው ተፈቀደ።

ከነዚያ መላእክት አንዱን የጠረበው ሲልቫን ነው፤ የፊርማንና የጊሌን አንድዬ ልጅ። አባቱ ድንጋይ መራጭና ግንበኛ፣ እሱ ድንጋይ ጠራቢ። የድሮው መልአክ አርጅቶ ስለወደቀ በምትኩ አዲስ ጥረብ ሲባል፣ የፊት አርአያ የሚሆነው ሰው አጣና የመላጫ መስታወቱን ፊት ለፊቱ ሰቅሎ የራሱን ፊት ጠረበ። ጓደኞቹ "አንተን የመሰለ መልአክ ካዩ ምእመናኑ ሃይማኖት ይለውጣሉ" እያሉ ሲስቁበት ከረሙ። ለእናቱ ግን አላሳያትም። ሥራ ቤቱ ድረስ ስትመጣ ጆንያ ያለብሰዋል።

"ሲሰቀል ታዪዋለሽ፣ እማዬ። አሁን ካየሽው አፍንጫህን አስተካክል ትዪኛለሽ።"

መልአኩ ሳይሰቀል ሲልቫን በሞተር ብስክሌት ሞተ። የልጁን ሥራ ግድግዳው ላይ ያቆመው አባቱ ነው። ጊሌን ያን ሰሞን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር፤ ስትነሣ መልአኩ ከሰው እጅ ርቆ፣ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከማድ ቤቷ መስኮት ግን ይታያታል። ዓይኗ ደክሞ እንደ ነጭ ነጥብ ብቻ መታየት ከጀመረ በኋላም ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ፣ የኔ ጌታ?" ሳትለው ውሃ አትጥድም። ልጇ በእጁ የሠራውን፣ የራሱን ፊት፣ ከቅርብ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። እሁድ ታየዋለች። ከእሁድ በኋላ ደግሞ ለዘላለሙ የለም።

ፊርማን ቅዳሜ ዕለት ካቴድራሉ የሄደው ደረጃው ለጉልበቷ ይሆን እንደሆነ ለማየት ነበር። በሩ ላይ ኦሬሊ አገኘችው፤ ሥራውን የያዘችው አርክቴክት ናት፣ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ቀልድ የምትወድ ወጣት።

"አባባ ፊርማን! እዚህ ሲሠሩ ነው ያረጁት አሉ። ይግቡ እስቲ፣ ቤትዎን ላሳይዎ።"

ገባ። ቅዳሴው ወደ ጎን ክፍሉ ከተዛወረ ጀምሮ ትልቁን አዳራሽ አላየውም ነበርና ደነገጠ። ዓምዶቹ እንደ ድሯቸው ናቸው፤ ሽቅብ ወጥተው ወጥተው፣ አንገት እስኪያሳምሙ ወጥተው፣ ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ቅርንጫፎቹም ተያይዘው ሹል ቅስት ይሆናሉ። ያን ሲያይ ፊርማን ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። ከሥር ግን ባልዲ ነው። በየዓምዱ ሥር ባልዲ፣ በየባልዲው ውስጥ የእርግብ ላባ። ግድግዳው ጨው አውጥቶ ነጥቷል፤ ዝቅ ሲል አረንጓዴ ሻጋታ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ጥቁር። ባለ ቀለም መስታወቱ የነበረበት ትልቁ መስኮት በጣውላ ተመቷል። ድሮ በዚህ ሰዓት ወለሉ ቀይና ሰማያዊ ይሆን ነበር፤ ልጅ ሆኖ ሲልቫን ቀዩ ላይ ብቻ እየረገጠ ይዘል ነበር። አሁን ወለሉ ወለል ነው።

"ይሄኛው ምሰሶ ወደ ውጭ ተገፍቷል" አለች ኦሬሊ። "ይዩት፣ ሆድ አውጥቷል።"

"እንደ እኔ በያ።"

"እርስዎንስ የምትደግፍ ሚስት አለችዎት። ይሄን የሚደግፉት ከውጭ ያሉት ቅስቶች ናቸው፣ አንዱ ደክሞታል። የድሮ ጠጋኞች ድንጋዩ ውስጥ የቀበሩት ብረት ደግሞ ዝጎ አብጦ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ለማዳን ብለው የከተቱት ብረት፣ አስበውታል?"

ፊርማን አላሰበውም። እያሰበ የነበረው ስለ ደረጃው ነው።

ወደ ውጭ ወጥተው ርብራቡን ወጡ። ደረጃው ሰፊ ነው፣ መደገፊያም አለው፤ ቀስ ካለች ትችለዋለች። ላይ ሲደርሱ መላእክቱ ፊት ለፊቱ ተደረደሩ። አንዱ ጣት የለውም፣ አንዱ የክንፉ ጫፍ ተቆርሷል፣ አንዱ የእርግብ ኩስ ከጆሮው እስከ አገጩ ወርዶበታል፤ ፊታቸው ግን ፊት ነው፣ ዓይናቸው ያያል። ፊርማን ልቡ ቀለለው። "የኔማ ከሁሉም አዲሱ ነው" አለ በሆዱ።

የሱ መጨረሻ ላይ ነበር። ፊት አልነበረውም።

አንገት አለ፣ ትከሻ አለ፣ ፀጉሩም ከኋላ በኩል ይታያል። ፊቱ የነበረበት ቦታ ግን ጠፍጣፋና ሽንቁር የበዛበት፣ አይጥ የበላው ዳቦ የመሰለ ነገር ሆኗል። ፊርማን እጁን ዘረጋ፤ ጣቱ ሲነካው ድንጋዩ እንደ ዱቄት ረገፈ።

"እ፣ እሱ!" አለች ኦሬሊ ከኋላው። "ሌሎቹን የበላቸው ዘመን ነው። ይሄንን የገደለው ሰው ነው። ከእያንዳንዱ መልአክ ራስ በላይ የድንጋይ ታዛ አለ አይደል? ዝናቡን ከፊቱ አርቆ የሚጥለው። እዚህ ላይ ግን አንዱ ደንቆሮ ታዛውን በመሮ ቆርጦ አንሥቶታል። የመሮው ምልክት እስካሁን አለ። ምን ዓይነት አህያ ነው እንዲህ የሚያደርግ?"

ፊርማን አህያውን ያውቀዋል።

ሲልቫን ከሞተ በኋላ፣ በመጀመሪያው በጋ፣ ጊሌን መስኮቱ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። "አይታየኝም። ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ልጄ ጨለማ ውስጥ ቆሟል፣ ፊርማን።" እውነቷን ነበር፤ የሰሜኑ ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኘው የበጋ ጠዋት ብቻ ነው፣ ያችኑም ታዛው ይጋርዳታል። አትበላም፣ አትተኛም። ሰው ሚስቱ ዓይኑ እያየ ስትሞትበት ምን ያደርጋል? ፊርማን አሸንዳ ልጠርግ ነው ብሎ ወጣና ታዛውን ቆረጠው። ግንበኛ ነው፣ ዝናብ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶት አይደለም፤ ግን ድንጋይ አይደል፣ ከእኛ በኋላ ነው የሚያልቀው ብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጊሌን ጮኸች። "ና! ና እየው! አበራልኝ! ለእኔ ብሎ ወጣ!" ያን ቀን እንቁላል ጠብሳ በላች። ምልክት ነው አለች፤ ልጄ አልተወኝም አለች። ፊርማንም አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የኖረችው በዚያ ጠዋት ነው፤ በኋላም ለጎረቤት፣ ለቄሱ፣ ለዳቦ ሻጯ ሳትሰለች አውርታዋለች።

"አህያው እኔ ነኝ" አላት ኦሬሊን። "ፊቱም የልጄ ነው።"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ፊርማን ሁሉንም ነገራት፤ እያለቀሰ ነገራት፣ አያፍርም።

"ነገ ሚስቴ ትመጣለች፣ ልጄ። ስለ ታዛው አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።"

"ይንገሯት እንጂ! ለእሷ ብለው ያደረጉት አይደል?"

"ለዛ እኮ ነው የማልነግራት። 'አይታየኝም' ያለችው እሷ ናት። ይሄን ካወቀች የልጇን ፊት በገዛ አፏ እንዳጠፋች ነው የምትቆጥረው። ያ ጠዋትም ይቀርባታል። ምን ይተርፋታል?"

ኦሬሊ እሺ አለችው።

ማታ ፊርማን እንደገና ሞከረ። ድንጋዩ ተጎድቷል አላት፣ ሳታዪው ቢቀር ይሻላል አላት። ጊሌን ሰማያዊ ካፖርቷን እየቦረሸች "እኔስ አልተጎዳሁም እንዴ? እንተዋወቅ የለ" አለችው።

እሁድ ካፊያ ነበር። ጊሌን ደረጃውን በአንድ እጇ መደገፊያውን፣ በሌላው የባሏን ክንድ ይዛ ወጣች። በየመታጠፊያው ትቆማለች፣ "ደረስኩልህ" ትላለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር፤ ቢሆንም ሳቀች። በመላእክቱ ፊት እያንዳንዱን ቀረብ ብላ እያየች አለፈች፤ "አንተ አይደለህም… አንተም አይደለህ… ወይኔ አፍንጫ!" መጨረሻው ጋ ደረሰች።

መነጽሯን አወለቀች፣ በሻርቧ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

"ፊቱ የታል?"

ኦሬሊ ወደ ከተማው ጣሪያዎች ዞረች።

"ፊርማን፣ የልጄ ፊት የታል?"

"ዝናብ በላው።"

"እነዚህንስ ለምን አልበላቸውም? እነዚህ ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የቆሙ አይደሉ?" ቀና አለች። ሌሎቹን አየች፣ የሷን አየች፣ እንደገና ሌሎቹን አየች። "እነሱ ታዛ አላቸው። የሱስ ታዛ የት ሄደ?"

ፊርማን እንግዲህ ጊዜው ይህ መሆኑን አወቀ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ቢናገረው ኖሮ አቅፋው ታለቅስ ነበር ይሆናል፣ ያን ያህል ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ራሷን ምን እንደምትል እሱም ያውቃል።

"መጀመሪያም አልሠራሁለትም" አለ። "ድንጋዩም ተራፊ ነበር። ደህና ደህናው ለፊት ለፊቱ በር ሄደ።"

"አልገባኝም።"

"እዚህ ላይ ማን ያየዋል ብዬ ነው፣ ጊሌን።"

ካፊያው ጠንከር አለ። ጊሌን ባሏን እንደማታውቀው ሰው አየችው። ከዚያ ሻርቧን ከራሷ ላይ አወረደችና ፊት የሌለውን ራስ ሸፈነችው፤ ከአገጩ ሥር፣ አገጭ ከነበረበት ሥር፣ ቋጠረችለት።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ዝናብ ሲደበድበው" አለች ዝግ ብላ። "እኔ እኮ ከመስኮት እንዴት አደርክ እለው ነበር። ያለ ታዛ ቆሞ፣ ፊቱ እየረገፈ፣ ለእናቱ አበራላት። ያን ጠዋት አበራልኝ። አንተ ግን… ማን ያየዋል?"

"ጊሌን…"

"ተወኝ! አባት ነህ አንተ? ለሰው በር ድንጋይ ስትመርጥ የኖርክ፣ ለልጅህ ተራፊ?"

ኦሬሊ ዞረች። አፏን ከፈተች። ፊርማን አያት፣ እንደ መለመን አድርጎ አያት፣ ልጅቷም አፏን ዘጋች፤ እንባዋ ግን ወረደ።

ጊሌን መደገፊያውን ይዛ መውረድ ጀመረች። ፊርማን ክንዱን ሰጣት፤ ክንዱን ገፋችው። አንድ ደረጃ ወረደች፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ብረቱን አጥብቃ ያዘች። እሱ ደንግጦ "በሲልቫን ሞት፣ ቀስ በይ" አለ፤ በቤታቸው ትልቁ መሐላ እሱ ነው።

ዞር አለችና ከሥር ቀና ብላ አየችው። ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር።

"ሁለተኛ ስሙን በአፍህ እንዳትጠራው።"

"እሺ" አለ ፊርማን።

ብቻዋን ወረደች። ዛሬም አብረው ነው የሚኖሩት፤ ሾርባ ትሠራለታለች፣ እንጨት ይፈልጥላታል። ያን ጠዋት ግን አሁንም ለሰው ታወራዋለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። ሰው ወደሱ ዞሮ ስለ ልጁ ሲጠይቀው "እሷን ጠይቋት" ይላል።