የብጣሽ ዝምታ

ልብስ ሰፊው የእህቱን ልጅ ሐኪምነት የሚያምነው እስከ ላምና በግ ድረስ ነበር። ለብጣሽ ግን ሌላ አዋቂም ማማከር ያስፈልጋል ባይ ነው፤ ሌላው አዋቂ ደግሞ ራሱ ነው።

ብጣሽ ስሙን ያገኘው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል ተኝቶ ስላደገ ነው። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ የሚመስል ውሻ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጣቃዎች ክምር ላይ ዘሎ ሲወርድ እንዳረፈ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የፊት እግሮቹ ሲሄዱ የኋላዎቹ ይጎተታሉ።

“እሺ ዶክተርዬ፣” አለ ልብስ ሰፊው ውሻውን ከምርመራው ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ። “ወገቡን ወለም ብሎት ነው። እሽት እሽት አድርጊውና ስጪኝ።”

“ምርመራውን ጨረሱት እንዴ አጎቴ? ካፖርቴን ላውልቅልዎት?”

“ተይው፣ ትከሻው ይጠበኛል።”

ሐኪሟ የብጣሽን አከርካሪ አንድ በአንድ በጣቶቿ እየጫነች ወረደች። ከወገቡ በላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከመሳቢያው መቆንጠጫ አወጣችና ቀልዱን ተወችው።

“አሁን የኋላ እግሩን ጣት እቆነጥጣለሁ፤ ያመዋል። ማወቅ የምፈልገው ሕመሙ አንጎሉ ድረስ መድረሱን ነው። ከደረሰ መንገዱ አልተቆረጠም፤ የመዳን ተስፋ አለው።”

“ካልደረሰስ?”

“ካልደረሰ ሽንቱንም አይቆጣጠርም፣ ሲጎተት ቁስል ይበላዋል። በመርፌ እንዲያርፍ ነው የምመክርዎ።”

ልብስ ሰፊው የብጣሽን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘና ፊቱን ከፊቱ አስጠግቶ ያባብለው ጀመር። እሷም ቆነጠጠች። እግሩ እጥፍ ብሎ ተሰበሰበ።

“ይኸው! ሳበው!” ብሎ ልብስ ሰፊው ከመሬት ሊነሳ ምንም አልቀረው። “አየሽ? አየሽ?”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለቅሶ ቤት የመጣሽ ይመስል ምን ያስተክዝሻል?”

“እግሩ የሚሰበሰበው አንጎሉን ሳያማክር ነዋ። ከጣቱ የተነሳው መልእክት በነርቩ ሽቅብ ይወጣና ጀርባው ውስጥ ካለው ህብለ ሰረሰር ይደርሳል። ‘ሰብስብ’ የሚለው ትእዛዝ እዚያው ይሰጥና ይመለሳል። ጭንቅላቱ ወሬውን የሚሰማው ቆይቶ ነው። መንገዱ ከተቆረጠ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።”

“እንደ እናትሽ በይኛ። እሷም አፏ ከመለሰ በኋላ ነው ጆሮዋ የሚሰማው።”

“እነግራታለሁ።”

“ንገሪያት። ሳትጨርሺ መልሱን ታገኚዋለሽ።”

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “እኔ የማየው እግሩን አይደለም፣ ፊቱን ነው። መዞር፣ መጮህ፣ ወይም እኔን መንከስ አለበት።”

ሦስት ጊዜ ቆነጠጠች። ሦስቴም እግሩ ተሰበሰበ። ብጣሽ ግን ዓይኑን ከጌታው ፊት ሳያነሳ ፈዞ ተቀመጠ። መቆንጠጫውን አስቀመጠችና “አጎቴ፣ እስቲ ይቀመጡ” አለች። ልጅ ሳለች የሰበረችውን ብርጭቆ ልትናዘዝ ስትልም ድምፅዋ እንዲህ ይቀጥን ነበር።

ልብስ ሰፊው አልተቀመጠም፤ ኩራት ይዞታል። “ትዕግሥቱን አየሽልኝ? ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ነው!”

“ምን ነው ያስተማሩት?”

“ዝም ማለት! ከጠረጴዛዬ ሥር ሲተኛ ስፒል ይወድቅና ይወጋዋል። ሲደነግጥ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ መቀሴም ይስታል። አንዴ የሙሽራ ሱሪ በሱ የተነሳ አንድ እግሩ አጥሮ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ‘እሽሽ’ እለዋለሁ። ችሎ ዝም ካለ ብስኩት ይሸለማል።”

“አሁንስ? አሁንም ‘እሽሽ’ ሲሉት ነበር?”

“ሲያመው ታዲያ ቆሜ ልየው? ማጽናናቴ ነው እንጂ!”

ሐኪሟ አጎቷን አየች፣ ውሻውን አየች፤ ከዚያ የብጣሽን የፊት እግር አነሳች። “ይሄኛው ደህና ነው አይደል?”

“ደህና ነው እንጂ፤ ዛሬ ጠዋት ቧጭሮኛል።”

ቆነጠጠችው። ብጣሽ እግሩን ሳበና ጌታውን እያየ ከንፈሩን ላሰ። ብስኩቱን መጠበቁ ነው።

“ይኸውልዎ፣” አለች። “ደህናው እግርም ሲቆነጠጥ ዝም ካለ የታመመው ዝምታ ምንም አይነግረኝም። ምርመራዬን አበላሽተውብኛል አጎቴ። ይውጡልኝ።”

“ከክፍሉ?”

“ከግቢው። ከመንገዱ ማዶ። ድምፅዎም ሳልዎም እንዳይሰማው። ከፊት እግሩ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላው እሄዳለሁ።”

“እኔ ሳልኖር ቢፈራስ?”

“እንዲፈራ ነው የምፈልገው።”

ልብስ ሰፊው እየተጎተተ ወጣ። የክሊኒኩ ዘበኛ በር ላይ አገኘውና፣ “ምነው፣ ሕመምተኛው ውስጥ ቀርቶ አስታማሚው ተባረረ?” አለው።

“ምርመራ አበላሸህ ተብዬ።”

“እንግዲህ ሲድኑ ይመለሳሉ።”

መንገዱን ተሻግሮ ከአንድ ጫማ መሸጫ ደጃፍ ቆመ። የክሊኒኩ መስኮት ክፍት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም በል ያለውን ውሻ አሁን በልቡ ጩኽ፣ ጩኽ ይለው ጀመር። ያንን ሁሉ ብስኩት ያበላበትን እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ ኪሱ ከተተው።

በድንገት ጩኸት ተሰማ። ስለታም፣ የተቆጣ ጩኸት። ጫማ ሻጩ ሳይቀር ብቅ ብሎ አየ።

“ጮኸልዎ!” ብሎ ዘበኛው ከማዶ እጁን አወዛወዘ።

ልብስ ሰፊው ግን አልተንቀሳቀሰም። “ይሄ የፊቱ ነው፣” አለ ለራሱ። “ይሄ የፊቱ ነው።”

ከዚያ ከመስኮቱ ምንም አልተሰማም። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሞተሩን እያንተከተከ ከመሐል ተገተረ፤ ልብስ ሰፊው ሾፌሩንም፣ አውቶቡሱንም፣ የፈለሰፈውንም ሰውዬ በሆዱ ረገመ። አውቶቡሱ ሄደ። አሁንም ዝም። ጫማ ሻጩ ገዢ መስሎት “ቁጥርዎ ስንት ነው?” ሲለው “ጠብቅ!” ብሎ ጮኸበት።

ሁለተኛው ድምፅ ያን ጊዜ መጣ። ቀጭን ነው፣ የዘገየ ነው። መጨረሻው በሴት ድምፅ “ውይ!” ተቆረጠ።

ልብስ ሰፊው ግራ ቀኝ ሳያይ መንገዱን ተሻገረ። ሁለት መኪና ጥሩንባ ነፋበት፣ ዘበኛውም ገለል አለለት። ሲገባ ብጣሽ አንገቱን ጠምዝዞ የኋላ እግሩን በቁጣ እያየ ነው፤ ሐኪሟ ጣቷን ቧንቧ ሥር ይዛለች።

“የኋላው ነው?”

“የኋላው ነው! ዞረና ነከሰኝ፣ እግዜር ይስጠው!”

“ሁለተኛው ግን ቀጠነብኝ።”

“መንገዱ ተጎድቷል፣ አልተቆረጠም። ቀጠነም ወፈረም ደርሷል። ይሮጣል ብዬ አልምልልዎትም፤ ግን ጥሩ ተስፋ አለው። መድኃኒት ይወስዳል፣ ስድስት ሳምንት ከሣጥን አይወጣም፣ አይዘልም።”

ልብስ ሰፊው ግድግዳው ላይ ወዳለው የፈረስ ሥዕል ዞረና ጀርባውን ሰጥቷት ለረጅም ጊዜ አጠናው። በመጨረሻ አፍንጫውን ጠርጎ፣ “አትፍሪ፣ ክትባቱን አስከትቤዋለሁ” አላት።

“የከተብኩት እኔ ነኝ አጎቴ።”

“እንግዲያማ ፍሪ።”

“ደግሞ ይስሙኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ‘እሽሽ’ የለም። ሲያመው ካልነገረን መዳኑንም መባሱንም አላውቅም። የሚሸለመው ሲጮህ ነው።”

“ስፒል ሲወድቅበትም?”

“ሲወድቅበትም።”

“የሙሽራውስ ሱሪ?”

“ሙሽራው ይታገሥ።”

ልብስ ሰፊው ሐኪሟ ብጣሽን ያስተኛችበትን ሣጥን በሁለት እጁ አንስቶ ሲወጣ ጠርዙ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ብጣሽ ጌታውን ቀና ብሎ አየና አንድ ጊዜ ጮኸበት። ልብስ ሰፊው ክው ብሎ ቆመ። ከዚያ ሣጥኑን በጉልበቱ ደግፎ አንድ እጁን ኪሱ ከተተና ብስኩት አወጣ፤ “ልክ ነህ ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አለው፣ በሩንም በጎኑ ቀስ ብሎ አለፈ።