የዳማ ፀጉር

የኋላሸት ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ጤና ቢሮ ሹፌር ነው። ደገሀቡር፣ ሸደር፣ ግመልና ፍየል ባለበት ሁሉ የክትባት ሳጥን ጭኖ ሲዞር ይውላል። ከጎኑ የሚቀመጠው ዶክተር ደሬሳ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ባሺር ደግሞ ክትባቱን ይወጋል። ሦስቱ መንገድ ላይ የማያወሩት የለም፤ ኳሱ፣ ሹመቱ፣ የሚስት ነገር፣ ሁሉም ይነሳል። የኋላሸት አንስቶት የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቱ ውሻ እንዳለ።

ውሻ ማሳደግ ወንጀል ሆኖ አይደለም። እሱ ባለበት የክርስቲያን ሰፈር ውሻ የሌለው ግቢ አይገኝም። ነገር ግን ባሺር የውሻ ለሃጭ ከነካው ልብሱን ሰባት ጊዜ የሚያጥብ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር የሚያሽ ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በአንድ ትሪ ሩዝ እየበሉ የውሻ ወሬ ማንሳት ነውር ነው። የኋላሸት አባቱ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ይህን ነውር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ውሻዋ ዳማ ትባላለች። ቀይ ናት፣ ፀጉሯ የተንዠረገገ፣ ስትሮጥ ጅራቷ የሚያምር። ያሳደገቻት የኋላሸት ሚስት ሶሲና ናት። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ባልና ሚስቱ የለበሱትን ብቻ ይዘው ሸሹ፤ ውሻ ለማስታወስ ጊዜም ቀልብም አልነበራቸውም። ነገሩ በርዶ ሲመለሱ ቤቱ ኦና ሆኖ ጠበቃቸው። አልጋ የለ፣ ድስት የለ፣ በሩ እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል። በሩ በነበረበት ቦታ ዳማ ተኝታለች፤ አንድ ጆሮዋ ተሰንጥቋል፣ ጎድኗ ይቆጠራል። ሶሲና ለጠፋው ንብረት አንድ ጠብታ እንባ አላወጣችም፤ ውሻዋን ስታቅፍ ግን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዳማን በክፉ ዓይን ያየ የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሶሲና ሴት ልጅ ተገላገለች። ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ዳማም ከውሃ ሮቶው ጀርባ አምስት ቡችሎች ወለደች። ጎረቤቱ «በአንድ ግቢ ሁለት አራስ! ገንፎው ለየትኛዋ ነው የሚገነፋው?» እያለ ቀለደባቸው። ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። ቡችሎቹ ጥርስ ማብቀል ሲጀምሩ የእናታቸው ፀጉር መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ጎኗ ሳሳ፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ተገለጠ፣ በመጨረሻ ያ ጅራት ራቁቱን ቀርቶ የአይጥ ጅራት መሰለ። ግቢውን ቀይ ፀጉር ሞላው። ሶሲና ስትደባብሳት እፍኝ ሙሉ እጇ ላይ ይቀራል።

የሶሲና እናት እማማ ወለተሐና ልጃቸውን ሊያርሱ ከድሬዳዋ መጥተው ነበር። ዳማን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል።

«ይቺ ውሻ እከክ ወርሷታል። ሕፃን ባለበት ቤት! እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

«እማዬ፣ አትታከክም እኮ። ደግሞ ደህና ትበላለች» አለች ሶሲና።

«እስክትታከክ ልትጠብቂ ነው?»

የኋላሸት ዶክተር ደሬሳን ለመጠየቅ በየጠዋቱ ይቆርጣል። በየጠዋቱም ባሺር ሰላምታውን እያዥጎደጎደ መኪናው ውስጥ ሲገባ ጥያቄውን መልሶ ይውጠዋል። አንድ ቀን ደገሀቡር መንገድ ላይ ባሺር ሊሰግድ ወረደ፤ ሹፌርና ሐኪም ብቻቸውን ቀሩ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ የኋላሸት።

«ጠይቅ።»

«ስንመለስ ነዳጅ እንቀዳ ይሆን?»

አቤት ሞኝነት! የግመል ሐኪም ስለ ውሻ ቢጠየቅ ይስቅብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። መሳቁስ ይስቅ ነበር፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ይመልስለት ነበር።

የልጅቷ ክርስትና እሑድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ፅዮን የሶሲናን ፀጉር ልትሠራ መጣች። ሶሲና ልጇን እያጠባች በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ፅዮን ማበጠሪያውን ከግንባሯ ጀምራ ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው። የመጣው ፀጉር ማበጠሪያውን ሸፈነው። ደግማ ብትስብ ደግሞ መጣ። ፅዮን ፀጉሩን በእጇ ጠቅልላ ልትደብቅ ስትሞክር እማማ ወለተሐና አዩባት።

«ኧረ በስመ አብ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። «አልኩ! አላልኩም? ውሻዋ አጋባችባት! ነገ ደግሞ የልጅቷ ተራ ነው። የኋላሸት! የኋላሸት የት ነህ?»

የኋላሸት ሲገባ ሚስቱ የገዛ ጭንቅላቷን እየዳሰሰች፣ እናቷ የተነቀለውን ፀጉር ከፍ አድርገው ይዘው አገኛቸው። ነገሩን ሲሰማ ተጠግቶ ጎንበስ አለ። የልጅቷን አናት አየ፤ ለስላሳ ጥቁር ፀጉር ነው፣ ገና ምንም አልሆነም።

«ይቺን ውሻ ዛሬውኑ ካላራቅህ እኔ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ ድሬዳዋ እገባለሁ። ክርስትናውንም እዚያው እናደርገዋለን» አሉት።

«ቡችሎቿስ እማማ?»

«እነሱ ፀጉራቸው ደህና ነው። ለዘበኝነት የሚፈልጋቸው አይጠፋም።»

የኋላሸት ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሶሲ፣ ምን ይሻላል?» አላት። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው። «ተዋት» ብትለው ከአማቱ ጋር ሊጣላ ተዘጋጅቷል። ሶሲና በነጠላዋ የሕፃኗን ራስ ሸፈነችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቢሮው መኪና ለሰኞ ጉዞ እሱ ግቢ ውስጥ ነበር ያደረው። የኋለኛውን በር ከፍቶ አጥንት ሲያሳያት ዳማ ዘላ ገባች። በሕይወቷ መኪና ላይ ተሳፍራ አታውቅም፤ ደስታዋ ለጉድ ነበር። ካራማራን ሲወጡ አፍንጫዋን በመስኮቱ ቀዳዳ አውጥታ ነፋሱን ትቀበላለች። የኋላሸት አንድም ጊዜ ዞሮ አላያትም። ባቢሌ አጠገብ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት ቦታ ሲደርስ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ አጥንቱን ራቅ አድርጎ ወረወረ። አጥንቱን ተከትላ ስትወርድ በሩን ዘጋው።

በመስታወቱ አያት። አጥንቱን ትታ መኪናውን ተከትላ ትሮጣለች፤ ወተት ያጋተ ጡቷ እየተወዛወዘ አላስሮጥ ይላታል። ነዳጁን ረገጠ። ጥምዝ መንገዱ እስኪሰውራት ድረስ አልቆመችም ነበር።

በማግስቱ ክርስትናው ደመቀ። እንግዳ ሲበላና ሲጠጣ ከሮቶው ጀርባ የአምስት ቡችሎች ልቅሶ ይሰማል። እማማ ወለተሐና ድምፁ እንዳይሰማ ቴፑን ከፍ አስደረጉ። ሶሲና እንግዳውን እየተወች በጣሳ የላም ወተት ትወስድላቸዋለች። ጠጡት፤ ግን ተቅማጥ ያዛቸው። አንዱን አንድ ዘበኛ ወሰደው። አራቱ ሳምንቱ ሳያልቅ አለቁ፤ ሶሲና ናት እየጠቀለለች ያወጣቻቸው፣ ማንም እንዲረዳት አልፈቀደችም።

በክርስትናው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሦስቱ ወደ ሸደር ሲሄዱ ባሺር ከመቀመጫው ላይ ቀይ ፀጉር ቆንጥሮ አነሳ።

«የኋላሸት፣ ይሄ የፍየል ነው?»

የኋላሸት ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ግን እምቢ አለው። መኪናውን ዳር አስይዞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሲናገር መሪውን እንጂ እነሱን አያይም። ሲጨርስ ዶክተር ደሬሳ አልሳቀም።

«ቆዳዋ ቀልቶ ነበር? ቆስሎ ነበር?»

«የለም።»

«ትታከክ ነበር?»

«የለም።»

«ታዲያ የምን እከክ አመጣህ! ወልዳ እኮ ነው። ያላትን ሁሉ ለቡችሎቿ ስትሰጥ ፀጉሯን ታራግፋለች። ደህና አብልተህ ብትጠብቃት በጥቂት ወር ከድሮው አምሮ ይበቅልላት ነበር።» ዶክተሩ ቆጣ አለ። «ሴትም እንዲሁ ናት። ባለቤቴ ከወለደች በሦስተኛው ወር ትራሱን ፀጉር በፀጉር አድርጋው ነበር። እሷን ግን ካራማራ ማዶ ወስጄ አልጣልኳትም። ሰውዬ፣ ክንዴ ክንድህን እየነካ ነው የምንውለው፤ ለምን አልጠየቅከኝም?»

የኋላሸት በዓይኑ ወደ ባሺር አመለከተ። «እሱን አፍሬ» አለ።

ባሺር ፀጉሩን በመስኮት አራግፎ እጁን በውሃ ተለቃለቀ። «መኪናው ይታጠባል፤ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። እሱ ቀላል ነው» አለ። «ግን ወላሂ፣ ውሻ ነጃሳ ነው፣ አይነካም አልን እንጂ የምታጠባ እናት ሜዳ ላይ ጣሉ ያለን የለም። በእኔ አታሳብብ።»

የኋላሸት የዚያኑ ቀን ከሥራ መልስ ባቢሌ ሄደ። ድንጋዮቹ መሀል እየዞረ ተጣራ፤ ጉሮሮው እስኪዘጋ ተጣራ። መንገዱ ዳር የወረወረውን አጥንት አገኘው፤ ማንም አልነካውም። ጅብ በልቷታል ብሎ አሰበ። ለሶሲና ዶክተሩ ያለውን ሲነግራት ቀና ብላ አላየችውም፤ «እሺ» ብቻ አለች። ከእናቷ ጋርም፣ እናቷ እስኪመለሱ ድረስ፣ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገረችም። እማማ ወለተሐና ግን አሁንም እከክ ነው ባይ ናቸው።

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ በሶሲና ግንባር ዙሪያ አጫጭር አዲስ ፀጉር ብቅ አለ። ፅዮን አይታ እልል አለች። ሶሲና በሻሽ ሸፈነችው።

አንድ ቀን ሦስቱ ለሥራ ባቢሌ ገቡ። ለውዝ ነጋዴዎቹ ከሚደረደሩበት ትንሽ አለፍ ብሎ አንዲት ቀይ ውሻ ጥላ ስር ተኝታለች። ፀጉሯ ያብረቀርቃል፤ ጅራቷ ተንዠርግጎ መሬቱን ይጠርጋል። የኋላሸት ፍሬን የያዘው ሳያውቀው ነው። ያቺን የተሰነጠቀች ጆሮ ባያይ ኖሮ አይለያትም ነበር።

ወርዶ «ዳማ!» አለ።

ውሻዋ ቀና አለች። ለአፍታ ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ ጅራቷን እየቆላች፣ እያለቀሰች ወደሱ መጣች። ቂም አልያዘችም። እግሩ ስር ተንከባለለች፣ እጁን ላሰችው። የኋላሸት ተንበርክኮ ጣቶቹን ፀጉሯ ውስጥ ከተተ፤ አንድም አልተነቀለም። አስፋልቱ ላይ፣ ሰው እያየው፣ አለቀሰ።

«ክፈትላት» አለ ባሺር ከውስጥ። «እኔ ከፊት እጠጋለሁ። መኪናውን አብረን እናጥባለን።»

የኋላሸት ተነሥቶ የኋለኛውን በር ከፈተ።

ዳማ በሩን አየች። ጅራቷ ቆመ። ጆሮዎቿን ለጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ሽንቷ አመለጣት። «ነይ ዳማ፣ ወደ ቤት ነው፣ ነይ እናቴ» እያለ አንድ እርምጃ ሲጠጋት ዘወር ብላ ፈረጠጠች። በገበያው መሀል አልፋ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ድንጋዮቹ መሀል ገባች። ሦስቱም ወርደው ፈለጓት፤ ባሺር ራሱ ሥጋ ገዝቶ በየድንጋዩ ስር አስቀመጠ። አልወጣችም። በሌላ ቀንም፣ በሌላ ሳምንትም የቢሮው መኪና ብቅ ሲል ለውዝ ሻጮቹ «ያቺ ውሻ ሞተሩን ስትሰማ ትጠፋለች» አሉት።

ዳማን ባገኛት በዚያው ቀን ማታ የኋላሸት ለሶሲና ሊነግራት አልፈለገም ነበር። ፊቱን አይታ አስለፈለፈችው። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

«ፀጉሯ ተመልሷል?» አለችው።

«ተመልሷል። ከድሮውም ያምራል።»

«አውቃሃለች?»

«አውቃኛለች። እጄን ልሳኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልመጣችም?»

የበሩን ነገር ነገራት። ሶሲና ሻሿን ፈታ አዲሱን ፀጉሯን በመዳፏ ጨበጠችው፤ ነቅላ ልትጥለው እንደምትፈልግ ሁሉ።

«ሞታለች ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አለችው።