የአባባ ቮልስና የኔ ሞተር

ወንድሜ ዝናው መኪና ያውቃል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ራሱ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ካለ ዝናው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከተፍ ይላል። ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ምላሱን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ከዚያ «ካርቡሬተሩ ነው» ይላል። ካርቡሬተር የሚባል ነገር የሌለው የናፍጣ መኪና ቢሆንም ካርቡሬተሩ ነው። እንግዲህ የአባባን ቮልስ የገደለልን ይኸው አዋቂ ነው።

አባታችን ጋሽ ባዬ በጤና ረዳትነት አምባሰልን ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰማያዊ ቮልሳቸውን የገዟት እኔ ሳልወለድ ነው። ጡረታ ወጥተው ዓይናቸው ሲደክም ቆማ ቀረች። እኔ ከባሌ ተለያይቼ፣ ቤይሩት ሠርቼ ስመለስ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና አጥቤ፣ አሳድሼ ሙሽራ ማመላለስ ጀመርኩባት። ሐይቁ ዳር ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ ሁሉ እሷን ነው የሚለው። አዲስ መኪና በሽ በሽ ነው፣ ግን የለም፣ ቮልሷ ትምጣ! የማንንም ፊት ሳላይ የምኖረው በሷ ነበር። እሷ ከሌለች እኔ የዝናውን ሚስት ደጅ የምጠና ሴት ነኝ። ያንን ደግሞ ከማየት ሞቴን እመርጣለሁ።

ባለፈው መስከረም ዝናው ለግሸን ማርያም ንግሥ በቮልሷ ልሂድ አለ። እምቢ አልኩት። «ሰው በአውቶቡስ ሄዶ የቀረውን በእግሩ ይወጣል። አንተ ምን ስለሆንክ ነው?» አልኩት። አባባ ግን «ወንድምሽ አይደል? ስጪው እንጂ» አሉ። ሰጠሁት። ጓደኞቹን እንደ ጤፍ ጆንያ ጠቅጥቆ ሄደ።

ሲመለሱ ዳገት ላይ ሞተሯ ጋለ። ምን ይደንቃል! ያን ሁሉ ሰው ተሸክማ ባትግል ነበር የሚገርመኝ። ቆመው እስክትቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረባቸው። የኛ አዋቂ ግን ውሃ ልጨምርላት አለ። ቮልስ ውሃ አትጠጣም! በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው። ይህን እኮ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ታውቀዋለች። ዝናው የፊቱን ኮፈን ከፈተ፣ የሻንጣ ማስቀመጫ አገኘ። የኋላውን ከፈተ፣ ሞተር አገኘ። ራዲያተር ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። በመጨረሻ ክዳን ያለው ቀዳዳ አገኘ፣ የዘይቱን ማስገቢያ። በእጁ ያለው ውሃ ደግሞ ከግሸን የቀዳው ጸበል ብቻ ነው። አማትቦ ጄሪካኑን ገለበጠባት።

ዘይቷ በውሃ ተበጠበጠ። ጥቂት እንደ ሄደች ሆዷ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ መስሎ ተንኳኳና ቀጥ አለች። በአይሱዙ ተጎትታ መጣች። መካኒኩ ሙንተሲር ከፍቶ አያትና «ውስጡ ተበልቷል፣ ነክሷል፣ አይዞርም። ይህን ሞተር አትበሉት፣ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለን። የመቀመጫዋን ጀርባ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ዘመድ ተሰበሰበ። ጉዱን ላውራላችሁ፦ አንድም ሰው ያጠፋው ዝናው ነው አላለም! እኔ አፌን ስከፍት ዝናው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ጸበል ሞተር ያቃጥላል ነው የምትዪው? በማርያም ጸበል ልትሳለቂ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ሞተር ያቃጠለው እሱ፣ ከሀዲዋ እኔ! ደግነቱ የንስሐ አባታችን መምሬ ጌዴዎን ነበሩ።

«ጸበል ለታመመ ሰው ነው። ለሞተር ነው ያለህ ማነው?» አሉት።

«እሷም አሟት ነበር» አላቸው።

አፈር ብላ! ደግሞ እኮ የሳቀ አልነበረም።

በዚህ መሀል ለካ ዝናው ገዢ አዘጋጅቷል። ሐይቁ ዳር ሎጅ የሚሠራ አንድ ሰው ቮልሷን ሊወስዳት፣ ጣሪያዋን ቆርጦ፣ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት ነው! «ለእንግዳ መቀበያ ታምራለች» ይላል ዝናው፣ እንደ ደህና ወሬ። አባባ ይህን ሲሰሙ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ቮልሴ አፈር አትሞላም» አሉ። «ከሁለታችሁ ሞተር ያስገባላት ይውሰዳት። መምሬ፣ ይስሙልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ መምሬ።

ዝናው ሳቀ። «የቮልስ ሞተር ዛሬ ከየት ሊገኝ!» አለ።

የተገኘው ውጫሌ ነው። መስኡዳ የምትባል መበለት ጓዳ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ። የባሏ ቮልስ ግድግዳ ተንዶባት ስትደቅ ሞተሩ ብቻ ተርፎ ነው። «ለውሃ መሳቢያ ብዙ ሰው ጠይቆኝ ነበር» አለችኝ። «ወላሂ አልሰጠሁም። መኪና ውስጥ ገብቶ ይሂድ ብዬ ነው።» ከቤይሩት የተረፈኝን ወርቅ ሸጥኩና ገዛሁት። ስንጭነው እንደሚዳር ልጅ ዳበሰችው። «አላህ መንገዱን ያቅናልሽ» ብላ ሸኘችኝ።

ሙንተሲር ጥሩ መካኒክ ነው፤ ችግሩ ሳያወራ አይሠራም። አንዷን ብሎን ለመፍታት የኮምቦልቻን ታሪክ ከሥሩ ያመጣዋል። የቮልሷን ኋላ በክሪክ አንስተን በግንድ ደገፍናት። ገመዶቹን ነቃቅለን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ፈትተን የሞተውን አወረድነው። ቮልስ ደጓ፣ ሞተሯ በአራት ብሎን ነው የሚያዘው። ከሥሯ በጀርባዬ የተኛሁት እኔ ነኝ፤ ዘይቱ በክርኔ እየወረደ ብብቴ ይገባል። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ኧረ በስማም፣ ሴት ልጅ መኪና ሥር!» ይላል። ዝናውስ? ዝናው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። አንድ ቁልፍ አቀብለን ብንለው «እኔ አላማረኝም ይህ ሞተር» አለን። ማን ጠየቀህ!

አዲሱን አስገብተን፣ አጥብቀን፣ ዘይት ሞልተን ቁልፉን ሳዞር መጀመሪያ አስነጠሳት። ደግሜ አዞርኩ። ተነሳች! ያ የማውቀው ድምጿ ግቢውን ሞላው። አባባ «እልል በሉ!» ብለው እሳቸው ራሳቸው ዘፈን ሊያወጡ ምንም አልቀራቸውም። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከስደት የተመለስኩ ለት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። አባባን አሳፍሬ እስከ ሐይቁ ወሰድኳቸው። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላም ያላሉት ሰው የለም። ለጥር ሠርግ ሙሽሮች ደወሉልኝ። ኖርኩ አልኩ።

ጥር አንድ የእስጢፋኖስ ንግሥ ነው። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፣ እኔ ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩና የቤታችንን ድግስ ሳሰናዳ ዋልኩ። ወንዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ከገዳሙ መጡ። በሉ፣ ጠጡ። ሙንተሲርም በዓሉን እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ ጥግ ይዟል። እኔ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዤ እየዞርኩ እቀዳለሁ። አባባ ብድግ አሉ።

«ዛሬ እናንተ ባላችሁበት ቮልሴን መርቄ ለልጄ ለዝናው ሰጥቻለሁ» አሉ።

የምቀዳው ጠላ በእንግዳው እጅ ላይ ፈሰሰ። የሰማሁትን አላመንኩም።

«ሰሎሜ ነገ ማግባቷ አይቀርም» አሉ ወደኔ ሳያዩ። «የባዬ ቮልስ ሰው ቤት አትገባም። ስሜን የሚያስጠራው ወንዱ ነው።»

«እሰይ! ወግ ነው! ደግ አደረጉ!» አለ ቤቱ በሙሉ። በጠላዬ የራሰ ጉሮሮ ሁሉ!

መምሬ ጌዴዎንን አየኋቸው። «መምሬ፣ ያን ለት ሰምቻለሁ ብለው አልነበር?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ዋንጫቸውን እያዩ። «ግን ልጄ፣ የአባት ምርቃት አይደል፣ ሰላም ይሻላል።»

ሰላም! ሰላሙ ሁልጊዜ ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው። ዝናው ቁልፉን ከአባባ እጅ ተቀብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ እንደ ደግ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይክፋሽ» አለኝ። «ስትፈልጊ እወስድሻለሁ። የሠርጉንም ሥራ ከእንግዲህ እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ እረፊ።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ። ነጠላዬን በወገቤ አሰርኩ። ከጓዳ ክሪኩንና የብሎን መፍቻውን አወጣሁና ጥልፍ ቀሚሴን እንደለበስኩ ቮልሷ ሥር ተኛሁ። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። በክሪኩ ሳነሳት አንዱ «ጎማ ልትቀይር ነው?» ሲል ሰማሁት። ሙንተሲር ግን ገብቶታል። መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ፣ በግንዱ ደገፈልኝ፣ አራቱን ብሎኖች ስፈታ ሞተሩን ከታች ያዘልኝ። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዝናው ሲገባው «ሌባ! አባባ፣ ኧረ ይህችን ሴት ተይ ይበሏት! ነውር ነው!» እያለ መዝለል ጀመረ።

ከሥሯ ወጣሁ። ጥልፌ በዘይት ጠቁሯል። «የአባባን ቮልስ አልነካሁም» አልኩት። «እያት። ጎማዋ አለ፣ መቀመጫዋ አለ፣ መሪዋ አለ። የተመረቅከው ሙሉውን ይኸውልህ። ሞተሩን ግን አባባ አልገዙትም፣ ሊሰጡህም አይችሉም።»

ሞተሩን በጆንያ ላይ አወረድነው። ወንዱ የሚባለውን የሰፈራችንን ባለባጃጅ ጠራሁት፣ ሦስት ሆነን ከኋላ ጫንነው። እንግዳው ሁሉ ዋንጫውን እንደያዘ በር ላይ ተኮልኩሏል። «የዘመኑ ሴት!» ይላል አንዱ። «በበዓል ቀን!» ይላል ሌላው። አባቷ በበዓል ቀን ቃላቸውን ሲበሉ ግን ደግ አደረጉ ነው! ሞተሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንባዬ ይወርዳል፤ እንዲያዩብኝ ስላልፈለግኩ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

አባባ ከዘራቸውን ይዘው በዝግታ መጡ። የባጃጁን ብረት ጨበጡ። ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ያንቺ ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቃሌን አውቀዋለሁ። መልሽው፣ በኋላ ለብቻችን እንጨርሰዋለን።»

አባቴን እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ። የምለምነው ይህንኑ አልነበር? ልወርድ አንድ እግሬን መሬት አደረግኩ።

«እንግዲያው አሁን ለሰዉ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «እንደ ቅድሙ ጮክ ብለው ይበሉት።»

ቀና አሉ። ወደ በሩ ዞሩ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ መምሬን አዩ፣ ቁልፉን ጨብጦ የቆመውን ዝናውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ጠበቅኳቸው። ከልቤ ጠበቅኳቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እጃቸውን ከባጃጁ ብረት ላይ አነሱ።

እግሬን ሰበሰብኩ። «ንዳው» አልኩት ባለባጃጁን።