መቆጣጠሪያው ሲቀላ

በዳባት ዳርቻ፣ የምንጩ ውሃ በሚቀዳበት ቦኖ ላይ ያቺን ትንሽ ሣጥን የሰቀላት የውሃ ባለሙያው ሰብስቤ ነው። «ይህ የውሃ ጥራት መቆጣጠሪያ ይባላል» ብሎ ለመንደሩ አስረዳ። «ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። አረንጓዴ ሲበራ ጠጡ፤ ቀይ ሲበራ አፍሉት።» ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ቤት ድረስ የገባችው ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ መቆጣጠሪያ።

የሰኔ ጎርፍ ከላይ ከመጸዳጃ ቤቶቹ በኩል በወረደ ማግስት መብራቱ ቀላ። በለጠች ጀሪካኗን እንደያዘች መብራቱ ላይ አፈጠጠች። ድሮም ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት፤ ልጇ ሊድያ ባስነጠሰች ቁጥር ለቅሶ ቤት ይታያታል።

«እማማ፣ ቀልቷል እኮ!» አለቻቸው አማቷን እማማ ዘቢደርን።

«ይቅላ! ጀርሙን እየተቆጣጠረው ነዋ። የሚታገል ሰው ፊቱ አይቀላም?»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ።

«ኧረ እማማ፣ እሱ አያጣራም! ያያል፣ ይናገራል፤ በቃ።»

«ሌባ እያየ የማይዝ ዘበኛማ ምን ያደርግልናል?» አለች ጎረቤቷ ጽጌሬዳ። «አይ የአሥረኛ ክፍል ነገር! ውሃ መጠጣትም ልታስተምሪን ነው?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ፈቀቅ ብላ ሰብስቤ ጋ ደወለች።

«አዎ፣ ቀይ መሆኑ እዚህም ስልኬ ላይ ይታየኛል» አላት።

«ታዲያ ኑና አብጁልን!»

«እኔ ክትትል ላይ ነኝ፤ ጥገና ሌላ ክፍል ነው፤ እነሱም በጀት እየጠበቁ ናቸው። ምን ላድርግ እህቴ፣ እኔም እንደ ሣጥኑ ነኝ፤ አይቼ መናገር ብቻ።»

ቤቷ ገብታ በእርጥብ እንጨት ዓይኗ እስኪቀላ እፍ እያለች ውሃውን አፈላች። አቀዘቀዘችው፣ ከደነችው። ሊድያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ገና ከበሩ ላይ በኩባያ ቀድታ ዘረጋችላት።

«አልጠማኝም እማዬ። ቦኖው ጋ ጠጣሁ፤ እማማ ናቸው የቀዱልኝ።»

«ብዙ ጠጣሽ?»

«እስክጠግብ!»

እማማ ዘቢደር ከኋላዋ ገቡ። «ይኸው፣ ምን ሆነች? ሚዳቋ መስላ የለም!»

ሆድ የገባ ውሃ ተመልሶ አይቀዳ። በለጠች ልጇን ወደ ጉያዋ ስባ ግንባሯን ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነበር። እጇን ግን አላነሳችም።